ግማሹ ቤት ወደ አውሮራ ሲመጣ

ከዴንቨር ኤርፖርት በስተሰሜን ምሥራቅ ያለውን ሜዳ በጎረቤቷ ከተማ በአውሮራ የሚኖረው አብዛኛው ሐበሻ የሚያውቀው ከአውሮፕላን መስኮት ነው። እኔም ኤርፖርቱ አጠገብ መኪና ሳጥብ ከዚያ ወዲያ አገር ያለ አይመስለኝም ነበር። ባለፈው ኅዳር ግን አሜሪካኖቹ የምስጋና በዓል በሚያከብሩበት በታንክስጊቪንግ ሳምንት ከሰኞ እስከ ቅዳሜ እዚያ ሜዳ ላይ ሰነበትኩ። የሄድኩት ቤት ላመጣ ነው። የቤት ዕቃ አላልኩም፤ ቤት። እሱንም ግማሹን። ወሬው ሃቫና ስትሪት ላይ ከሱቅ ወደ ሱቅ ሲዞር መልኩን እየለወጠ ስለመጣ፣ የሆነውን እንደሆነው መጻፍ ይሻላል ብዬ ተቀመጥኩ።

ሥራዬ አጃቢነት ነው። ከመንገዱ የሚሰፋ ጭነት ሲጓዝ ከፊቱ ቢጫ መብራት እያበራች የምትሄድ ትንሽ መኪና አይታችሁ ይሆናል፤ እሷን እነዳለሁ። አፍንጫዋ ላይ ከጭነቱ ቁመት በትንሹ የሚበልጥ ዘንግ ተተክሏል። ዘንጉ ድልድይ ወይም ሽቦ ከነካ ጭነቱም ይነካል ማለት ነውና በሬዲዮ እጮሃለሁ። የጉዞውን ፈቃድ የማወጣውም እኔ ነኝ። ማንም አላስተማረኝም፤ የየስቴቱን ደንብ ቁጭ ብዬ እያነበብኩ ለመድኩት። ሰፊ ጭነት በቀን ብርሃን ብቻ ነው የሚሄደው። ነፋስ ሲበረታ ይቆማል፣ ጭጋግ ሲወርድ ይቆማል፣ ሰው ወደ ሥራ በሚጎርፍበት ሰዓት ከተማ አይገባም። በዓል ሲደርስ ደግሞ ሰዉ ሁሉ ወደ ቤተሰቡ ስለሚጓዝ መንገዱ ለእኛ ይዘጋል። በዚያ ሳምንት ፈቃዳችን ከረቡዕ እኩለ ቀን ጀምሮ ተቋርጦ የሚመለሰው ዓርብ ጎህ ሲቀድ ነበር።

የቤቱ ባለቤት ጋሽ ተስፋዬ ይባላሉ፤ ሆስፒታል ውስጥ የሚሠሩ፣ ቸኩለው የሚናገሩ ሰው ናቸው። በአውሮራ ምሥራቃዊ ዳርቻ መሬት ገዝተው፣ ፋብሪካ ተሠርቶ በሁለት ክፍል የሚመጣ ቤት አዘዙ። የመጀመሪያው ክፍል ቀድሞ መጥቶ መሠረቱ ላይ ተቀምጧል። አንዱ ጎኑ ግን ግድግዳ የለውም፤ ሁለተኛው ክፍል መጥቶ እስኪገጠም ድረስ በላስቲክ ብቻ ተሸፍኖ ነበር።

ችግሩ እናታቸው ነበሩ። እማማ ጥሩነሽ ቤት መሠረቱ ላይ ከተቀመጠ ወዲያ ባዶውን መዋል የለበትም ባይ ናቸው። ማለዳ ከተከራዩት አፓርትመንት ልጃቸው አምጥተው ያደርሷቸዋል፤ እስኪመሽ ድረስ ግማሹ ቤት ውስጥ፣ ላስቲኩ ፊት ለፊት፣ በአንዲት የኤሌክትሪክ ማሞቂያ አጠገብ ይቀመጣሉ። ሳንባቸው ደካማ ነው። ሐኪሙ ብርድ እንዳይነካቸው አጥብቆ አስጠንቅቋል፤ እሳቸው ግን ከወንበሩ አልነሣ አሉ። የአየር ትንበያው ዓርብ ማታ ከባድ በረዶ ይጥላል ይል ነበር። በረዶው ላስቲኩን ቢጥለውም እማማ ከዚያ እንደማይነሡ ሁላችንም እናውቃለን። ስለዚህ ግማሹ ቤት በረዶውን መቅደም ነበረበት።

ጋሽ ተስፋዬ አንድ ነገር ደግሞ ጨመሩበት። የቤቱን ምርቃት በዓሉ በሚውልበት ሐሙስ አደረጉት። ሰው ሁሉ፣ ሹፌሩም ነርሷም፣ ከሥራ የሚያርፈው ያን ቀን ነው ብለው አሰቡ። ቤቱም የሚያርፍበት ቀን መሆኑን የነገርኳቸው ሰው ሁሉ ከተጠራ በኋላ ነው።

"ረቡዕ ከእኩለ ቀን በፊት ታደርሱልኛላችሁ፤ አለቀ" አሉኝ።

ሰኞ

ከኢስት ኮልፋክስ ጎዳና ተነሣን። ቤቱን የሚጎትተው ሹፌር ጀማል ከባዱን መኪና ከሐበሻ ግሮሰሪው ጀርባ ፓርክ አድርጎ ጠበቀኝ። በአሥር ዓመት ያህል ይበልጠኛል፤ የመርካቶ ልጅ ነው፤ ጭነት ከመጎተት ይልቅ ክርክር ይወዳል። የገና ጾም የገባው በዚያው ዕለት ስለነበር ቆሎ፣ ዳቦና ቴምር ገዛሁ። ጀማል ሥጋ ሳምቡሳ እያኘከ መጣና በመስኮቴ አጎነበሰ።

"ሻንጣህን በቀበቶ አሰርከው?"

"ክብደት አርፎበት ቀበቶው ካልታሰረ ወንበሩ ይጮኻል። ሰው የተቀመጠ ይመስለዋል።"

"ታዲያ ወደ ኋላ አትወረውረውም?"

"ፈቃዱና ካርታው ያለው እሱ ውስጥ ነው። እጄ አጠገብ መሆን አለበት።"

"ሚስት ስታገባ እሷን ከኋላ ልታስቀምጣት ነዋ!" ብሎ እየሳቀ ሄደ።

ኮልፋክስ ላይ የአሥራ አምስት ቁጥር አውቶቡስ በየፌርማታው ሰው እያወረደና እየጫነ ከፊታችን ይሄድ ነበር። ከተማው አልቆ ሰባ ስድስት ቁጥር ሀይዌይ ላይ ከወጣን በኋላ ዕድሜዬን የኖርኩበት ከተማ ምን ያህል ጫጫታ እንዳለው ገባኝ። ሃቫና ስትሪት ላይ ዓይን የሚያርፍበት ባዶ ቦታ የለም፤ ማስታወቂያው በአምስት ቋንቋ ይጮኻል። ሜዳው ላይ ግን የታጨደ የበቆሎ አገዳ፣ የሽቦ አጥር፣ አልፎ አልፎ የቆርቆሮ ጎተራ፤ ሌላ የለም። ቤት ካለም ከመንገዱ ሸሽቶ፣ ዙሪያውን ዛፍ ተክሎ ተቀምጧል። ጀማል በሬዲዮ፣ "ሰዎቹ የት ነው የሚደበቁት?" አለኝ። ያደርነው በጎረቤቱ ስቴት በኔብራስካ፣ ፋብሪካው ያለበት ትንሽ ከተማ ሞቴል ነው። ባለሞቴሏ ጾመኛ መሆኔን ስነግራት ምን እንደሆነ ሳትጠይቅ የፈላ ውሃና ሻይ ወደ ክፍሌ አመጣችልኝ።

ማክሰኞ

ግማሽ ቤት አይታችሁ የማታውቁ ከሆነ እንዲህ ነው። ከመንገድ ሲያዩት ሙሉ ነው፤ ነጭ ግድግዳ፣ መስኮት፣ አረንጓዴ በር፣ ከበሩ አጠገብ የመብራት ማቀፊያ ሳይቀር። ዞር ብለው በሌላኛው ጎን ሲያዩት ተቆርጧል። ወጥ ቤቱ ከመሃል፣ ኮሪደሩ ከመሃል፣ ጣሪያው ከጫፉ ላይ። የተቆረጠው ጎን ከላይ እስከ ታች በነጭ ላስቲክ ተጠቅልሎ በጣውላ ተመትቷል። ዋናው በር፣ ወጥ ቤቱና የእማማ መኝታ ቤት ያሉት በዚህኛው ግማሽ ውስጥ ነው። አውሮራ ያለው ሳሎኑና ሌሎቹ ክፍሎች ናቸው።

ጭነን ስንወጣ መንገዱ ጸጥ ያለ ነበር። ላስቲኩ በነፋሱ ወደ ውስጥ ይሳባል፣ ወደ ውጭ ይነፋል። ጀማል ገና በመጀመሪያው ሰዓት፣ "ይሄ ነገር ይተነፍሳል" አለኝ። እኔም በመስታወት እያየሁት ነበር፤ ነገር ግን እሱ እስኪናገር ድረስ ያ ቃል አልመጣልኝም። ፀሐይ ከመጥለቋ በፊት የእኛን ስቴት የኮሎራዶን ድንበር ተሻግረን ለትልልቅ ጭነት ማቆሚያ ከተሠራ ቦታ ደርሰን ቆምን። ሁሉ ነገር እንዳቀድኩት ነበር። በማግስቱ ጠዋት ብቻ ይበቃን ነበር።

ረቡዕ

ስነቃ አገር የለም። ጭጋጉ መሬት ድረስ ወርዷል። የመኪናዬን አፍንጫ አያለሁ፤ የተተከለበትን ዘንግ ጫፍ አላይም። ደንቡ ግልጽ ስለሆነ አልተንቀሳቀስንም። ጋሽ ተስፋዬ ደወሉ፤ "እዚህ እኮ ፀሐይ ነው!" ብለው ተቆጡኝ፤ ጭጋጉን እኔ ያመጣሁት ይመስል።

ጠዋቱ ካለፈ በኋላ ትንሽ ሲገልጥ ተነሣን። ብዙም ሳንሄድ እንደገና ከደነብን።

"ጀማል፣ ታየኛለህ?"

"መብራትህን አያለሁ። አንተን አላይህም።"

"የሚቀጥለው መውጫ ላይ እንውጣ።"

"ወጥተን የት ልናቆመው ነው? ቤት እኮ ነው የያዝነው፤ ቶዮታ አይደለም!"

እኩለ ቀን ተቃርቦ ነበር። ከሀይዌዩ ስንወርድ መውጫው ጫፍ ላይ አንድ ፒካፕ መብራቱን እያበራ ቆሟል። ከውስጡ ረጅም፣ ጎንበስ ያለ ሽማግሌ ወጣና ቤቱን ከላይ እስከ ታች አየው። ገበሬ ነው፤ ስሙ ዌይን ይባላል።

"ይህ ቤት ዛሬ የትም አይደርስም" አለኝ።

"አዎ ጌታዬ።"

"ለቤት የሚሆን ቦታ አለኝ። ተከተሉኝ።"

የፒካፑን ቀይ መብራት ተከትለን በጠጠር መንገድ ሄድን። ከጭጋጉ ውስጥ የደረቁ ዛፎች ብቅ አሉ፤ በአራት ማዕዘን የተተከሉ፣ የሆነ ነገር ከነፋስ ይጠብቁ የነበሩ ዛፎች። መሃላቸው ሰፊ፣ ጠፍጣፋ የሲሚንቶ ወለል አለ። ሌላ ምንም የለም። ጀማል ቀስ ብሎ እየጎተተ ወለሉ ላይ አወጣውና አቆመው።

ወርጄ ስዞር ነው ያየሁት። ከሲሚንቶው ወለል ጫፍ ላይ የድሮ ደረጃ ነበር፤ የትም የማያደርስ የሲሚንቶ ደረጃ። አረንጓዴው በር ልክ እሱ ላይ ነው የገጠመው። በከፍታም በስፋትም። የእኛ ቤት ተሳቢ ላይ ስለሆነ ለመግባት ሁልጊዜ መሰላል ያስፈልገኛል፤ እዚያ ግን በደረጃው ወጥቼ እጀታውን ይዤ ገባሁ።

"ሆን ብለህ ነው?" አልኩት ጀማልን።

"ደረጃው መኖሩንም አላየሁም" አለ።

ውስጡን አየሁ። ከጉዞ በኋላ የተፈታ ነገር መኖሩን ማየት ልማዴ ነው። ወጥ ቤት ውስጥ ሁለት የካቢኔት በሮች ተከፍተዋል። ዘጋኋቸውና በፕላስተር ለጠፍኳቸው። ኮሪደሩ መሃሉ ላይ ተቆርጦ በላስቲክ ያልቃል፤ ላስቲኩ ከኋላው ነጭ ጭጋግ ብቻ ስላለ ያበራል። ስወጣ በሩን በደንብ ዘጋሁ።

ወዲያው ስልኬ ጮኸ። ጋሽ ተስፋዬ ናቸው።

"እናቴ እዚያኛው ወጥ ቤት ሰው ገብቷል፣ ካቢኔት ይከፍታል ይዘጋል ትላለች። እባክህ ሌባ እንዳይሆን።"

"እኔ ነኝ ጋሼ። አሁን ነው የወጣሁት።"

ይህን ከተናገርኩ በኋላ ነው ጆሮዬ የሰማውን አእምሮዬ የተረዳው። እማማ ያሉት አውሮራ ነው። በመካከላችን የሰዓታት መንገድ ሜዳ አለ። ጋሽ ተስፋዬ፣ "በቃ፣ አርጅታለች" ብለው ዘጉት።

ዌይን ለሚስቱ ለካሮል ሊነግራት ወደ አዲሱ ቤታቸው ሄደ፤ ከዛፎቹ ማዶ ነው። እኔና ጀማል መኪናው ውስጥ ቆሎ እየበላን ሳለ ከቤቱ ውስጥ ኳ የሚል ድምፅ ሰማን። ትንሽ ቆይቶ እንደገና። ገብቼ አየሁ። ፕላስተሩ ተላቅቋል፤ ካቢኔቱ ተከፍቷል። ብርድ ላይ ሙጫ አይዝም፤ ይህን አውቃለሁ። በሌላ ፕላስተር ደግሜ ለጠፍኩት። ከደረጃው ስወርድ እማማ ራሳቸው ደወሉ።

"ልጄ፣ አንተ ነህ እዚያ?"

"አሁን ውጭ ነኝ እማማ።"

"እሺ። እንግዲያው እሱ ማነው?"

ጀማል በእጁ ምንድነው ብሎ ምልክት ሰጠኝ፤ ራሴን ነቀነቅሁ።

"ብቻ ዕቃ የጠፋበት ነው የሚመስለው" አሉ እማማ። "አትቆጣው።"

የዚያን ዕለት ካሮል ምድር ቤታቸው ውስጥ ሁለት አልጋ አነጠፈችልን። ብርድ ልብሱ የሳሙና ሽታ ነበረው። ለማያውቁት ሰው ቤትን ክፍት ማድረግ የኛ ጠባይ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ሐሙስ

ጭጋጉ ሳይነሣ ነጋ። ነፋስ ባለመኖሩ ላስቲኩ መተንፈሱን ይተዋል ብዬ ጠብቄ ነበር። አልተወም።

ቀትር ላይ ጀማል መስገድ ፈለገ። የሰዎቹን ቤት ማስቸገር አልፈለገም፤ ውጭው ደግሞ እርጥብ ነው። ስለዚህ ግማሹ ቤት ውስጥ ገባ። አቅጣጫውን በስልኩ አይቶ የእማማ መኝታ ቤት ውስጥ ምንጣፉን ዘረጋ። እኔ መኪናዬ አጠገብ የዘንጉን ማሰሪያ እያጠበቅሁ ነበር።

አውሮራ ያሉት በዚያው ሰዓት ምርቃቱ ላይ ነበሩ። እንግዳው ሁሉ በግማሹ ቤት ሳሎን፣ ካፖርቱን ሳያወልቅ፣ የጾም በያይነቱ በሳህን ይዞ ቆሟል። የሆነውን በኋላ ከብዙ ሰው ስለሰማሁት አምኜ እጽፈዋለሁ። እማማ ወንበራቸው ላይ ሆነው እጃቸውን አነሡ።

"ዝም በሉ! እዚያ የሚሰግድ ሰው አለ።"

ሰው ሁሉ ዞረ። ላስቲኩን አዩ። ከላስቲኩ በስተጀርባ ባዶ መሠረትና የጎረቤት አጥር ብቻ ነበር። ጋሽ ተስፋዬ ስልኩን ድምፁ ለሁሉም እንዲሰማ አድርገው ደወሉልኝ።

"ሄኖክ፣ ቤቱ ውስጥ ማነው ያለው?"

"ጀማል ነው። ምን ሆነ?"

"ምን ያደርጋል?"

"ይሰግዳል።"

ስልኩ ውስጥ አንዲት ሴት፣ "በስመ አብ!" ስትል ሰማሁ። ከዚያ የእማማ ድምፅ ቀረበ።

"እሱስ እሺ። ይስገድ። በሩ ላይ ቆሞ የሚያየው ግን ማነው?"

ቀና ብዬ አየሁ። አረንጓዴው በር ክፍት ነበር። ጀማል ሲገባ ሲዘጋው በዓይኔ አይቻለሁ። ደረጃው ላይ ማንም የለም።

ጀማል ሲወጣ ነገርኩት። ሊቀልድ አፉን ከፈተና ተወው። "ሰላም ስል፣" አለ ቀስ ብሎ፣ "በቀኝና በግራ ትከሻዬ ዞሬ ሰላም ስል፣ ሰው ያለ መስሎኝ ነበር። አንተ መስለኸኝ ነው። ደስ ብሎኝ ነበር እንዲያውም።"

ከቀትር በኋላ ዌይንና ካሮል ማዕድ ላይ ጠሩን። ጠረጴዛው መሃል የተጠበሰ ተርኪ ተቀምጧል፤ ቆዳው የነሐስ መልክ ያለው፣ አንድ ቤተሰብ የሚያጠግብ። እኔና ጀማል ተያየን።

"አንተ ንገራቸው" አለኝ በአማርኛ።

"አንተ ትልቅ ነህ።"

"እንግሊዝኛ የተሻለ የምትችለው አንተ ነህ፤ ደግሞ ጥፋቱ ካንተ ይጀምር።"

እኔ ጾም ላይ በመሆኔ ሥጋም ቅቤም እንደማልበላ፣ እሱ ደግሞ በእምነቱ መሠረት ያልታረደ ሥጋ እንደማይበላ አስረዳሁ። ካሮል አንዴ ተርኪውን፣ አንዴ እኛን አየች። ከዚያ ሳቋ አመለጣት።

"ስንት ዓመት ለሁለት ሰው ነው የማበስለው፤ ዘንድሮ እንግዳ መጣልኝ ብዬ ትልቁን ገዛሁ!"

ተነሥታ ድንች ቀቀለችልኝ፤ ቅቤውን ራቅ አድርጋ በጨውና በቃሪያ አቀረበችው። ለጀማል እንቁላል ጠበሰች። የዱባ ኬኩን ጀማል ሁለት ጊዜ ደገመና፣ "የቀረብህን ብታውቅ ጾሙን ፍርድ ቤት ትከስሰው ነበር" አለኝ። አገራችን እንግዳ አልበላም ሲል አስተናጋጁ በቁጣም በልመናም ያበላል፤ እነሱ ሌላ ነገር ይሠራሉ። የትኛው እንደሚሻል እስካሁን አልወሰንኩም።

ስለ ሲሚንቶው ወለል የጠየቅሁት ያኔ ነው። ዌይን ሹካውን አስቀመጠ።

"የወላጆቼ ቤት ነበር። በመጨረሻ ታላቅ ወንድሜ ሬይ ብቻውን ኖረበት። ሲሞት አፈረስኩት፤ ጣሪያው ተበልቶ ነበር። ወለሉን ግን ምን አደረገኝ ብዬ ተውኩት።"

"ደረጃውንም" አልኩ።

"ደረጃውንም። ሬይ በስተመጨረሻ አእምሮው ከድቶት ነበር። ቀኑን ሙሉ የወጥ ቤቱን ካቢኔት እየከፈተ ይዘጋል። ምን ትፈልጋለህ ብዬ ብጠይቀው አያውቀውም።"

ጀማል ማኘኩን አቆመ። እኔ ድንቼን አየሁ። ለሽማግሌው ምንም አልነገርኩትም፤ በበዓል ቀን፣ በማዕዱ ላይ፣ እንዴት ተብሎ ይነገራል?

ዓርብ

ጎህ ሲቀድ ሰማዩ ጠርቶ ነበር፤ በምዕራብ በኩል ግን ተራሮቹ ያሉበት አቅጣጫ ጥቁር ነው። በረዶው ከትንበያው ቀድሞ እየመጣ ነበር። ዌይን ፒካፑን አቁሞ መንገዱ ዳር ሆኖ ሸኘን። ጭነቱ ከሲሚንቶው ሲወርድ ለአፍታ ተያዘ፤ ጎማው የተነቀነቀ ግን ያልተንቀሳቀሰ ያህል። ከዚያ ለቀቀ።

መንገድ ላይ ብዙም አላወራንም። ጀማል አንድ ጊዜ ብቻ፣ "ዛሬ ከብዷል" አለኝ። እኔ፣ "ላስቲኩ ውሃ ይዞ ነው" አልኩት።

ከተማው ዳርቻ ላይ የጠዋቱ የመኪና ግፊያ እስኪያልፍ እንድንቆም ፈቃዱ ያዛል። ቆምን። ወደ በዓል ቅናሽ ግዢ የሚሮጠው መኪና በጎናችን ይጎርፋል፤ በረዶው ከተራራው እየወረደ ነው፤ እኛ ቤት ይዘን ቁጭ ብለናል። ጋሽ ተስፋዬ ደወሉ። ድምፃቸው ተለውጧል።

"እናቴ ታስላለች። ወደ መኪናዬ ላስገባት ብል እምቢ አለችኝ። እሱ ሳይደርስ አልነሣም ትላለች።"

"እሱ ማን?"

"እኔ ምን አውቄ!"

መንገዱ ሲለቀቅ ገባን። በመጨረሻው ጎዳና ላይ ዘንጌ አንድ የተንጠለጠለ ገመድ ነካ፤ ጮህኩ፤ ጀማል አቆመ። ገጣጣሚዎቹ ቀድመው ደርሰው ነበርና አለቃቸው ማርቲን በረጅም እንጨት ገመዱን ከፍ አድርጎ ያዘልን። በበዓል ማግሥት ሊሠራ የመጣልኝ ዓርብ ከገጠምነው እሑድ ታርፋለህ ስላልኩት ነው። ጎረቤቱ ሁሉ በረንዳው ላይ ወጥቶ ቤት ሲያልፍ አየ።

የመጀመሪያው የበረዶ ብናኝ መውረድ ሲጀምር ሁለቱ ግማሾች ፊት ለፊት ቆመው ነበር። ላስቲኩን ከሁለቱም ቀደዱ። ያኔ እማማን አየኋቸው፤ ጋቢ ላይ ብርድ ልብስ ደርበው፣ ወንበራቸው ላይ፣ በተከፈተው ሳሎን መሃል። እኔ ይዤው የመጣሁትን ኮሪደር ወደ ውስጥ ያዩታል። ማርቲን ልጆቹን አዘዘ፤ ቤቱ በተሽከርካሪው ላይ ቀስ እያለ ወደ እሳቸው ተጠጋ። በመሃሉ አንድ ሰው የማያሳልፍ ክፍተት ሲቀር እጃቸውን አነሡ።

"ቁሙ! መጀመሪያ እሱ ይውጣ።"

ማርቲን ቋንቋውን ባያውቅም እጃቸውን አይቶ አቆመ።

"እማዬ፣ ማንም የለም!" አሉ ጋሽ ተስፋዬ። "በረዶው መጣ፤ እባክሽ!"

"ከተገጠመ በኋላ በየት በኩል ይወጣል? እዚህ ይቀርብኛል። ቤቱን ይፈልጋል እኮ፤ ይኼ የሱ ቤት አይደለም።" ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። "አንተ ያመጣኸው፣ አንተ አስወጣው።"

ሰው ሁሉ አየኝ። ማፈር ነበረብኝ፤ አላፈርኩም። መሰላል ተደግፎልኝ በአረንጓዴው በር ገባሁ። ወጥ ቤት ውስጥ ካቢኔቶቹ በሙሉ ተከፍተዋል። አንድ በአንድ ዘጋኋቸው። በመጨረሻ በእንግሊዝኛ፣ "እንሂድ፤ ቤትዎ ይህ አይደለም፤ እኔ አደርስዎታለሁ" አልኩ። በሩን ከፍቼ ከጎኑ ቆምኩ፤ አንድ ትልቅ ሰው በሚያስፈልገው ያህል ጊዜ። ከዚያ ወርጄ ዘጋሁት።

ከማዶ የእማማ ድምፅ መጣ።

"ሁለታችሁም ወጣችሁ?"

"አዎ እማማ" አልኩ።

"እንግዲህ ግጠሙት።"

በረዶው መሬቱን ነጭ ሳያደርገው ተገጠመ። ጀማልና ጋሽ ተስፋዬ እማማን እንደተቀመጡ ከነወንበራቸው አንሥተው ወደ መኝታ ቤታቸው ወሰዷቸው፤ ማሞቂያውም ተከተላቸው።

እኔ ሻንጣዬንም፣ "ሰፊ ጭነት" የሚሉትን ምልክቶቼንም ከኋላ ጭኜ ወደ ቤቴ ልሄድ መኪናዬን አስነሣሁ። ከጎኔ ያለው ወንበር ባዶ ነበር። ጮኸ። ጠበቅሁት፤ አላቆመም። እጄን ዘርግቼ ቀበቶውን ሳብኩና አሰርኩት። ድምፁ ቆመ። ቤቴ ስደርስም አልፈታሁትም።

ቅዳሜ

ጭነት የሌለው ትንሽ መኪና ፈቃድ አይጠየቅም። በዓልም አያግደውም። ጠዋት መንገዱ ከተጠረገ በኋላ ለማንም ሳልናገር ተነሣሁ። በኮልፋክስ ወጥቼ፣ ሰባ ስድስትን ይዤ። ሬዲዮ አልከፈትኩም። ሜዳው ሁሉ ነጭ ነበር፤ ከአውሮፕላን ቢታይ ምንም የሌለበት ይመስላል።

ዛፎቹ መሃል ገብቼ ከደረጃው ፊት ለፊት ቆምኩ። ቀበቶውን ፈታሁ። ዞሬ በዚያ በኩል ያለውን በር ከፈትኩና ትንሽ ጠበቅሁ። ብርዱ ወደ መኪናው ገባ። ዘጋሁት።

ዌይን ከአዲሱ ቤቱ በረንዳ ላይ ቆሞ ያየኝ ነበር። ለምን ተመለስክ ብሎ አልጠየቀኝም። ባርኔጣውን አወለቀ። ሰላምታ መስሎኝ እጄን አነሣሁ፤ እሱ ግን የሚያየው ወደ ደረጃው ነበር።

ስመለስ ወንበሩ አልጮኸም። አውሮራ ልገባ ስል ስልኬ ጠራ። እማማ ናቸው፤ ድምፃቸው ተሽሏል፤ ሳሉም የለም። ሰላም ልል አፌን ስከፍት ቀደሙኝ።

"አደረስከው?"

"አዎ እማማ።"

"እሰይ። በል በዚህ በኩል ና፤ ሽሮው ሳይበርድ።"